ሺፍት ላይ የቀረች ጣት

አድማሴና ብርሀንነሽ የእግዜር ሰላምታ ከተነፋፈጉ ወር አልፏቸዋል። ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው፤ ክርናቸው ሊነካካ ምንም አይቀረው። እሷ ስትገባ እሱ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል፤ እሱ ሲገባ እሷ መነጽሯን ትወለውላለች። መሀላቸው ያለችው አንዲት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ብቻ ናት፤ እሷንም ሲነቅሉ ሲሰኩ እጅ ለእጅ እንዳይገናኙ ይጠነቀቃሉ።

ቤቲቱ መካነ ሰላም ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ያለች ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ናት። ባለቤቷ አቶ ንጉሡ ናቸው። ባለጉዳይ አግዳሚው ላይ ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ በደሉን ይዘረግፋል፤ ብርሀንነሽ ትጽፋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ጽፋለች፤ ግማሹን በታይፕ፣ ግማሹን በኮምፒውተር። የመሪጌታ ልጅ ናትና ቃል ትመርጣለች። ገበሬው "ሰደበኝ፣ ገፋኝ፣ ናቀኝ" እያለ የበተነውን እሷ ለቃቅማ ዳኛ ፊት በእግሩ የሚቆም ነገር ታደርገዋለች። "እሷ የጻፈችው ማመልከቻ ግማሽ ፍርድ ነው" ይባልላታል።

አድማሴ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ቢጨርስም ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ደጅ አላደረሰውም። ከዚያ ወዲህ በተከራያት ክፍል በሩን ዘግቶ፣ ከሰው ፍላሽ በቀዳቸው መጻሕፍት ብቻውን ፕሮግራም መጻፍ ተማረ። ጓደኛ የለውም። መንገድ ላይ እያለመ ስለሚሄድ ጭነት የያዘ አህያ ገፍቶት ሲያልፍ እንኳ ዞር ብሎ አያይም። የሚያልመውም ከማሻ እስከ ወረኢሉ ያለ ጸሐፊ ሁሉ እሱ በሠራው ፕሮግራም ሲጽፍ ነው።

አቶ ንጉሡ ለኮምፒውተሮቹ ቀጥረውታል፤ የሠራላቸውን ፕሮግራም "ቀልጣፋ" ብሎታል። የፍርድ ቤቱን ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽን ቦታ ራሱ ደርድሮ ያቀርባል፤ ለጸሐፊዋ የሚቀራት ሐተታው ብቻ ነው። ኢንተር ስትጫን አዲስ መስመር ይጀምራል። ጽሑፉ ታትሞ ካለቀ በኋላ ሺፍትን እንደያዘች ኢንተር ስትጫን ደግሞ ገጹ ይጠፋና ለሚቀጥለው ባለጉዳይ ባዶ ገጽ ይመጣል። ቅጂ አያስቀምጥም። ይህ የአቶ ንጉሡ ትእዛዝ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም እዚችው ቤት የሚያስጽፉ ስለሆነ "የሰው ጉድ እኔ ቤት አያድርም" ይላሉ።

ጠቡም የተጀመረው ፕሮግራሙ በገባ ቀን ነው።

"ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቀኝ" አለች ብርሀንነሽ። "'ላጥፋው ወይ?' ይበለኝ።"

"እትዬ፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ራሱ መልስ ነው" አለ አድማሴ። "እያንዳንዱን ነገር የሚጠይቅ ፕሮግራም ለጀማሪ ነው የሚሠራው።"

"እኔ ስጀምር አንተ አልተወለድክም።"

"እኔስ ምን አልኩ? ለዚያ እኮ ነው የማይጠይቅዎት" አለና ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሙን መጥራት ተወች። ስታስፈልጋት ለአቶ ንጉሡ "ያን ልጅ ይጥሩልኝ" ትላለች፤ ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ።

የመጀመሪያው ገጽ የጠፋው አንድ ሰኞ ነው። ይሄነው የሚባል የደጋ ገበሬ ጎረቤቱን አካሉን "ወሰኔን ገፋኝ" ብሎ ከሶ ነበር። እያስጻፈ ሳለ አካሉ ራሱ በሩ ላይ ብቅ አለ። ብርሀንነሽ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የቆየ ልማድ አላት። በታይፕ ዘመን ነጠላዋን ወረቀቱ ላይ ጣል ታደርግ ነበር። አሁን ሁለት ቁልፍ ነካ ታደርግና የግሸን ማርያምን ሥዕል በጽሑፉ ላይ ታመጣበታለች፤ ባላጋራ የባላጋራውን ጽሑፍ እንዳያነብ ነው። አካሉ ሥዕሉን ተሳልሞ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቆ ወጣ። ሥዕሉን አነሳች። አዲስ መስመር ልትጀምር ኢንተርን ነካች። ገጹ ባዶ ሆነ።

በሳምንቱ አንዲት ፍቺ የምትጠይቅ ሴት ስታስጽፍ ባሏ ገባ። ሲወጣ የሴትዮዋ ገጽ የለም። በማግሥቱ ማክሰኞ ይሄነው ተመልሶ መጣ፤ ያን ቀን የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ሳይዘጋ የሚያስገባው ጽሑፍ ነበረው። አካሉ ገባ፤ ሥዕሉ መጣ፤ አካሉ ወጣ። ብርሀንነሽ ኢንተርን ነካች። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተደከመበት ገጽ እልም አለ።

ይሄነው ከአግዳሚው ሲነሳ ዱላው ወለሉ ላይ ጓ ብሎ ወደቀ።

"እሱ በገባ ቁጥር! ይሄ ወረቀት አካሉን ሲያይ ነው የሚሮጠው? እግር አለው?"

አካሉ ገና ከበረንዳው አልወረደም ነበር። አንገቱን መልሶ አስገባ። "ውሸቱ ከብዶት ይሆናል ይሄነው። ማሽንም እኮ የማይሸከመው ነገር አለ።"

"ስንት ሰጠሃት? ንገረኝ፣ ስንት?"

"ለአንተ ጽሑፍ? ለእሱስ ከፍሎ የሚያጠፋው ሞኝ ነው፤ ዳኛው ራሱ ይስቅበታል።"

ብርሀንነሽ መነጽሯን አወለቀች። "አያ ይሄነው፣ ይቀመጡ። ሁሉም በጭንቅላቴ አለ፤ እጽፈዋለሁ። አላጠፋሁትም። በራሱ ነው የጠፋው።"

አድማሴ እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት! ግን "በራሱ" የምትል ቃል እንደ እሾህ ወጋችው። ፕሮግራሙ ተሰደበበት።

"ማሽን በራሱ ምንም አያደርግም" አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። "ሺፍትና ኢንተር አንድ ላይ ካልተጫኑ ገጹ አይጠፋም። መቶ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።"

"አልተጫንኩም።"

"ተጭነዋል።"

"ሰማችሁ?" አለ ይሄነው ደጅ ለቆመው ሰው። "ሠሪው ራሱ መሰከረ!"

ጽሑፉን እንደገና ጽፋ ሬጅስትራሩ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ወሬው ግን ከእነሱ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር። "ብርሀንነሽ ተገዛች። ገንዘብ ያልሰጣትን ሰው ነገር ታጠፋለች" ተባለ። ማታውን አቶ ንጉሡ ጠሯት።

"ዓርብ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆመሽ ማይልኝ። 'አላጠፋሁም' በይ፤ ነገሩ ያልቃል።"

"በአባቴ ቤት አይማልም" አለች። "በውሸትም አይማልም፣ በእውነትም አይማልም። ወንድሞቼ ርስት ሲካፈሉ ማይ ተብዬ አልማልኩም፤ ድርሻዬን ትቼ ወጣሁ። ስለ መሬት ያልማልኩ ስለ ኢንተር ልማል?"

"ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ።"

"የሚለውንማ ሠሪው ነግሮታል።"

"እንግዲያው እስከ ዓርብ አስቢበት። ካልማልሽ ግን ወንበሩን ትለቂያለሽ። ባለጉዳይ የማያምነው ጸሐፊ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?"

አድማሴ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ መዋሸት አይቻልም፣ ደስ አለው። መሐላ ግን ለእሱ የሽማግሌ ጨዋታ ነው። ማሽኑ ራሱ ይመስክር! ረቡዕ ጠዋት እሷ ሳትመጣ ኮምፒውተሯ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሸሸገ። ሥራዋ ብርሀንነሽ የምትነካውን እያንዳንዱን ቁልፍ መመዝገብ ነው፦ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ ወረደ፣ መቼ ተነሳ፣ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ፊት ለፊት የነበረው መስኮት የትኛው ነው። መዝገቡም ወደ እሱ ኮምፒውተር ይተላለፋል። ለማንም አልነገረም።

ያኑ ቀን ፍቺ ጠያቂዋ ሴት ተመልሳ መጣች፤ ባሏም እንደ ጥላ ተከትሏት መጣ። ገጹ እንደገና ጠፋ። ብርሀንነሽ ከንፈሯን ነክሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። አድማሴ በጎን እያያት "አሁን ገባሽልኝ" አለ በሆዱ።

ሐሙስ ጠዋት መዝገቡን ከፈተ። ስትጽፍ የነካቻቸው ቁልፎች በእንግሊዝኛ ፊደል ተበታትነው ተደርድረዋል፤ እየገጣጠመ አማርኛቸውን ማንበብ ነበረበት። ገጹ የጠፋበትን ደቂቃ ፈለገና አገኘው።

ኢንተር ወርዷል፤ ኢንተር ተነስቷል። ሺፍት የለም።

ዓይኑን አሸ። ወደ ላይ ሄደ። ሺፍት የወረደው ከአራት ደቂቃ በፊት ነው፤ ሴትዮዋ ስትናገር ብርሀንነሽ ሳትጽፍ በምታዳምጥበት ሰዓት። ዞር ብሎ እጇን አየ። አሁንም አንድ ሽማግሌ እያዳመጠች ነበር፤ ግራ እጇ ኪቦርዱ ላይ አርፏል፤ ትንሿ ጣቷ ሺፍትን ተጭናለች። የታይፕ ልማድ ነው። የታይፕ ሺፍት ከባድ ስለነበረ የዚያ ዘመን ጸሐፊ ቃል ስትጠብቅ ጣቷን እዚያው አሳርፋ ነው የምትጠብቀው።

ቀጥሎ ያለውን መስመር ሁለቴ አነበበው። ባልየው ሲገባ ሥዕሉ መጥቷል። ሺፍት የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥዕሉ ፊት ለፊት ሳለ።

አድማሴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ገብቶታል። ቁልፍ ሲወርድ ማሽኑ አንድ መልእክት ይልካል፤ ሲነሳ ሌላ መልእክት ይልካል። መልእክቱ የሚደርሰው ግን ያን ሰዓት ፊት ለፊት ላለው መስኮት ብቻ ነው። "ሺፍት ወረደ" የሚለው ለቀልጣፋ ደረሰው። "ሺፍት ተነሳ" የሚለው ለሥዕሉ ሄደ። ቀልጣፋ ተመልሶ ሲመጣ ጣቷ አሁንም ሺፍት ላይ ያለች ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የነካችው ሺፍት የሚፈልግ ፊደል ከሆነ ስህተቱ ይታረማል፤ ኢንተር ከሆነ ግን ገጹ ይጠፋል። እሱ ደግሞ ቀልጣፋን ሲጽፍ "አሁን ሺፍት ተጭኗል ወይ?" ብሎ ማሽኑን እንዲጠይቅ አላደረገውም። የሰማውን ወሬ ይዞ እንዲቀመጥ ነው ያደረገው፤ ይህ የሚፈጥን መስሎት ነበር። መቶ ጊዜ ሲሞክረውም ባላጋራ ገብቶበት አያውቅምና አንድም ቀን በመሀል መስኮት አልቀየረም።

ያን ጊዜውኑ ተነስቶ ቢናገር ጥሩ ነበር። ግን ዓይኑ መዝገቡ ላይ ወደ ታች ተንሸራተተ። ብርሀንነሽ ያን ዕለት ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት አንድ መስመር ጽፋ፣ ወዲያው ፊደል በፊደል መልሳ አጥፍታዋለች። የጠፋው ከገጹ ነው እንጂ ከመዝገቡ አልጠፋም። ገጣጠመው፦ "ጌታዬ ሆይ፣ ይህን ጉረኛ አንድ ቀን ከፊቴ አዋርደህ አሳየኝ።"

ጆሮው ድረስ ጋለ። በምሳ ሰዓት ቤቱ ባዶ ሲሆን ቀልጣፋን ከፍቶ ሁለት መስመር ጨመረ፤ ተመልሶ ፊት በመጣ ቁጥር ስለ ሺፍት የሰማውን እንዲረሳ አደረገው። ዘጋው። ከእንግዲህ አይጠፋም፤ ካልጠፋ ደግሞ ነገሩ ይበርዳል፤ እሱም ጉረኛ ተብሎ አፉን ከፍቶ አይዋረድም። እንዲያ ነበር ያሰበው።

ሐሙስ ከሰዓት ባላጋሮች ገቡ፣ ሥዕሉ መጣ፣ ሄደ፤ አንድም ገጽ አልጠፋ። ዓርብ ጠዋትም እንደዚያው።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ይሄነው ሰው አስከትሎ መጣ። አካሉም ተከሳሹ እሱ ነውና አልቀረም። አቶ ንጉሡ መሀል ቆሙ።

"ትምያለሽ?"

"አልምልም።"

"መሐላስ ምን ያደርጋል!" አለ ይሄነው። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጠፋ የከረመ፣ ወንበሩን የምትለቅበት ቀን ሲደርስ አንድም አልጠፋ! እኔ አግዳሚው ላይ ነው የዋልኩት፤ ትናንት ስንቱ ባላጋራ ገባ ወጣ? ጠፋ? አልጠፋም! ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?"

ደጅ የቆመው ሰው አጉረመረመ። አድማሴ ይህን አላሰበውም። የጨመራቸው ሁለት መስመሮች ለእሷ ገመድ ሆነዋል።

"ነገሩስ እንዲያው ነው" አሉ አቶ ንጉሡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ብርሀንነሽ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ስጪኝ። አድማሴ፣ ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ አንተ ነህ።"

"እሰይ!" አለ ይሄነው። "እኔም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ እናገራለሁ። የመሪጌታ ልጅ ነገር ሻጭ መሆኗን አገር ይወቅ።"

አካሉ ወደ አድማሴ ጎንበስ አለ። "አብሽር የኔ ልጅ። ሳትገፋት ወደቀችልህ።"

ብርሀንነሽ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መነጽሯን ማኅደሩ ውስጥ ከተተች፤ የወንበሯን ትራስ አነሳች። አድማሴን አላየችውም። ብታየው ኖሮ በጥላቻዋ ላይ ተደግፎ ዝም ይል ነበር። እሷ ግን ግድግዳውን እንደሚያልፉት አልፋው ወደ በሩ ሄደች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ አድማሴ።

ማንም አልሰማውም መሰለ። ደገመው። "ገጹን የሚያጠፋው የኔ ፕሮግራም ነው። እሳቸው አልነኩትም። ትናንት በምሳ ሰዓት አስተካከልኩት፤ ለዚያ ነው የቆመው።"

"አዘነላት" አለ ይሄነው። "ልጅ ነው፤ ሲያያት ሆዱ ባባ። እስቲ ማል!"

"መማል አያስፈልግም። አያ ይሄነው፣ እዚህ ይቀመጡ።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

አሮጌው ቀልጣፋ ፍላሹ ላይ ነበር፤ መልሶ ጫነው። ይሄነው እንደ ፈረስ ኮርቻ ወንበሩን ፈትሾ ተቀመጠ። አድማሴ "ከሳሽ ይሄነው" ብሎ ጻፈለት።

"ይችን ቁልፍ በትንሿ ጣትዎ ይጫኑ። አይልቀቁ።" ሥዕሉን አመጣ። "አሁን ጣትዎን ያንሱ። እጅዎን ሽቅብ ያድርጉት፤ ሰው ይየው።"

ይሄነው እንደ መስካሪ እጁን ሰቀለ። አድማሴ ሥዕሉን አነሳ፤ የይሄነው ስም እንደተጻፈ አለ።

"አሁን ይችን ትልቋን ብቻ ይንኩ። በአንድ ጣት።"

ነካ። ስሙ ጠፋ። ነጭ ገጽ ቀረ።

"ምን አደረግሁ?" አለ ይሄነው፣ ጣቱን እንደተቃጠለ ሰው ወደ ደረቱ ሰብስቦ።

"እትዬ ብርሀንነሽ ያደረጉትን።"

አካሉ በሳቅ ፈነዳ። "ይሄነው! አንተንስ ስንት ብሰጥህ ነው የተገዛኸልኝ?"

ደጅ ያለው ሁሉ ሳቀ። ይሄነው ወገቡን እየታከከ ተነስቶ "እኔማ ያየሁትን ነው የተናገርኩ" አለ፤ ይቅርታም አላለ። ዱላውን አንስቶ በሰው መሀል ሾልኮ ወጣ።

ብርሀንነሽ ትራሷን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው።

"ሳዳምጥ ጣቴ እዚያ ላይ እንደምታርፍ በምን አወቅህ?"

አድማሴ እውነቷን ተናገረ። "የሚነኩትን ሁሉ የሚመዘግብ ነገር አስገብቼ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ።"

"ሁሉ?"

"ሁሉ።"

"የሰረዝኩትንም?"

"የሰረዙትንም።"

ፊቷ ቀላ፤ ወዲያው ደግሞ መለስ አለ። "ያስጻፈኝን ሰው ሁሉ ነገር ሰምተሃል ማለት ነው። የዚያችን ሴት ገመና። የትናንቱን ሽማግሌ። እኔ በሥዕል የምሸፍነውን አንተ በጓሮ ገብተህ ስታነብ።" ቀጥላም "ትናንት በምሳ ሰዓት አውቀሃል" አለች። "ዛሬ ቁልፌን እስኪቀበሉኝ ቁጭ ብለህ ጠበቅህ።"

አቶ ንጉሡ ተቆጥተው ነበር፤ የቁጣቸው ግማሽ ለራሳቸው ሳይሆን አይቀርም። "በቃ! ከዚህ ውጣ። ሰኞ እዚህ እንዳላይህ።"

"አይወጣም" አለች ብርሀንነሽ።

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ይወጣና ሌላ ከተማ ሄዶ የሌላዋን ጣት ይቆጥራል። እዚሁ ይቀመጥ። የሚገባው ባለጉዳይ ሁሉ ምን እንደሠራ እየተነገረው ይቀመጥ። የምነግረው እኔ ነኝ።"

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ሰላይ ፕሮግራም ራሷ እያየች፣ አገር እያየ አስጠፋችው። ከዚያ ቁልፏን ከጠረጴዛው አንስታ "ተረኛ!" አለች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ከቆላ የመጣ ሰውዬ ገባ። ብርሀንነሽ ሥራ በዝቶባት ስለነበር በአገጯ ወደ አድማሴ ጠቆመችው፤ ከመጠቆሟ በፊት ግን ልጁ የሠራውን ነገረችው፤ አንድም ሳታጎድል፣ አንድም ሳትጨምር፣ ለዳኛ እንደሚጻፍ አድርጋ። ሰውዬው አድማሴ ፊት ተቀመጠ። ስሙን ተናገረ፤ ቀበሌውን ተናገረ። በደሉን ሊጀምር ሲል ልጁን ትክ ብሎ አየው። ሁለት እጁን ቀስ ብሎ ጋቢው ውስጥ ከተተ።